በሬዎቹ የት ሄዱ?

ወረታ፥ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለእየሩስ አያልነህ፥ ሮተርዳም፤

የቁሐሩ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ብርዱ ገባ ወይ? እኛ ደኅና ነን። ውኃው ከሜዳው ሸሽቷል፤ ሩዙም አጎንብሷል። የቤቴ እመቤት ድንቅነሽ ጠዋት ጉልበቷን ታማርራለች፤ ከሰዓት እኔን ትቆጣለች። ጤናዋ ሙሉ ነው ማለት ነው።

ስትደውይልኝ "እህ፥ እህ" እያልሁ ያሾፍሁብሽ መስሎሽ ከሆነ አይደለም። አልሰማሽም። ግራ ጆሮዬ ካቻምና ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ቀኙንም ሐኪሙ እያደር ይደክማል ብሎኛል። ስልክ ውስጥ የሰው ድምፅ ሁሉ ቆርቆሮ ይሆንብኛል። ስለዚህ ከእንግዲህ በወረቀት እንነጋገር። ሰላምታውን በስልክ፥ ጭቅጭቁን በደብዳቤ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፥ አውድማ ላይ ሲያበራይ የዘፈነውን፥ እኔ በገዛ ቴፔ የቀዳሁትን፥ ያንን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠሽ በፍላሽ የላክሽልኝ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሙዚቃ ቤቴ በተረፈችው አሮጌ ላፕቶፕ ከፍቼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሰማሁት ማለትም ይከብዳል። ከላይ አያልነህ ይዘፍናል፥ ከሥር ላፕቶፗ ትዘፍናለች። ዝዝዝ ትላለች። ማራገቢያዋ ሲነሣ ይብስባታል። ማውሱን ባንቀሳቀስሁ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይጭራል።

እኔ የምፈልገው ደግሞ ከዚያ ዝዝታ ሥር ያለውን ነው። እናትሽ እዚያ ካሴት ላይ አለች። ንግሥቲ ስትናገር ቀድቻታለሁ። እኅቴን አንድ ጊዜ ልስማትና ከዚያ በኋላ ይኼ ጆሮ እንደ ፈቃዱ ይሁን።

ባጃጅ ላይ ስፒከር የሚገጥመው እንዳልካቸው ምን አለኝ መሰለሽ፥ "ጋሼ፥ ከኮምፒዩተሩ ውጭ የሚቀመጥ የድምፅ መቀየሪያ አለ፤ ዳክ ይሉታል፤ እሱ ካለ ዝዝታው ይጠፋል።" ትንሽ ነገር ነው አሉ፥ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የሚበልጥ። እዚያ አገር ካለ ላኪልኝ።

አጎትሽ ያየህ


ሮተርዳም፥ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት ለምሳሳልዎት አጎቴ ለጋሽ ያየህ፤

የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት አይለይዎት። እትዬ ድንቅነሽን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ብርዱ ገብቷል፤ አረጋውያን እየተንከባከብሁ ከቤት ቤት በብስክሌት ስሄድ ጣቶቼ አይታጠፉም። ግን ደኅና ነኝ።

የጆሮዎ ነገር አስደነገጠኝ። ለምን እስካሁን ደበቁኝ? እኔ የምልክልዎት ዳክ አይደለም፥ የመስሚያ መሣሪያ ነው። እዚህ የምንከባከባቸው ሽማግሌዎች ሁሉ አላቸው። ባሕር ዳር ሄደው ይለኩና ውጤቱን ይላኩልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉት።

ዳክ ምን እንደሆነ እንዳልካቸው በደንብ ነግሮዎታል። እኔም አለኝ። ኮምፒዩተር ዘፈንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ዕቃ በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ከማራገቢያው ጋር፥ ከኃይል መስመሩ ጋር ተፋፍጎ ስለሚኖር የነሱንም ጩኸት አብሮ ይለቅማል። ያንን ሥራ ወደ ውጭ አውጥተው ለብቻው ሣጥን ሲሰጡት ጸጥ ይላል። ይኼ እውነት ነው። ግን አጎቴ፥ ዳክ የሌለ ድምፅ አይፈጥርም።

እኔ ያንን ዘፈን በጥሩ ዕቃ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የአባቴ ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ የለችበትም። ልትኖርበትም አትችልም። አባቴ ስለ እሷ በጠየቅሁት ቁጥር ወሬ ይቀይር ነበር፥ ስለ አውድማው ግን ነግሮኛል፤ ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ነው፥ ሴት አትረግጠውም፥ በረከቱ ይሸሻል ብሎ። ታዲያ እናቴ በየት በኩል ገባች?

አይቀየሙኝ፤ ጆሮ ሲደክም የሚወደውን ይሰማል ይላሉ እዚህ ሐኪሞቹ። እኔ ያለ እናት አድጌ ለምጄዋለሁ። ያልነበረችበት ቦታ አያስቀምጡብኝ።

ልጅዎ እየሩስ


ወረታ፥ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእየሩስ፤

ጤና ይስጥሽ። ትሕትናም ጨምሮ ይስጥሽ።

ጆሮዬን ተዪው! የታመመው ላፕቶፑ ነው፤ አንቺ እኔን ልታሳክሚ ትነሻለሽ። ባሕር ዳርም አልሄድም፥ አልለካምም። ቀኝ ጆሮዬ አሁንም የድንቅነሽን ማጉረምረም ከጓሮ ይለቅማል፤ እሷ ራሷ ምስክሬ ናት፥ ለምስክርነቱ ባትደሰትም።

"የሚወደውን ይሰማል" አልሽኝ። እኔ ወረታ መገንጠያ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ለጎንደር መንገደኛውም ለደብረ ታቦሩም ካሴት እየቀዳሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንዳንዴ እሳሳታለሁ፤ የዘፋኝ ስም አምታታለሁ፥ የቀኝና የግራ ገመድ አዛውሬ አውቃለሁ። የእኅቴን ድምፅ ግን አልስትም። ቴፑን ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ። አንቺ የዚያን ቀን አንቀልባ ውስጥ ነበርሽ።

በየት በኩል ገባች ላልሽው፥ በእግሯ ገባች። የቀረውን አሁን አልነግርሽም፤ ተቆጥቻለሁ።

ዳኩን ላኪ። የለችም ካልሽም ላኪና አሳፍሪኝ።

ያየህ


ሮተርዳም፥ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ያየህ፤

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰዎት፤ ቀድሜ ልበልዎ። ደብዳቤዎን እያነበብሁ አንዴ ሳቅሁ፥ አንዴ ተናደድሁ። እትዬ ድንቅነሽ እርስዎን በመቻሏ ብቻ ገነት ትገባለች።

ጓደኛዬ ደብረወርቅ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ትሄዳለች፤ በወረታ ስታልፍ ታደርስልዎታለች። ከካልሲዎቹ ውስጥ የጠቀለልሁት ጥቁር ሣጥን እሱ ነው። ተሸንፌ አይደለም የላክሁት። በገዛ ጆሮዎ ሰምተው እንዲያርፉ ነው፤ እኔም እንዳርፍ።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። አጭሩን ገመድ ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ጋር ያገናኙት፥ ኃይሉንም ከዚያው ይወስዳል። የጆሮ ማዳመጫውን ከላፕቶፑ ይንቀሉና ከሣጥኑ ላይ ይሰኩት። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ድምፁ በየት ይውጣ የሚለው ቦታ ገብተው አዲሱን ዕቃ ይምረጡ። ይኼን ከረሱ በአሮጌው በኩል መዝፈኑን ይቀጥልና እኔን ይሰድቡኛል። የላፕቶፑን ድምፅ ሙሉ አድርገው፥ መቀነስ መጨመሩን በሣጥኑ ማዞሪያ ያድርጉት።

ሰምተው ሲጨርሱ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። "የለችም" ብለው። ሌላ አልጠይቅዎትም።

እየሩስ


ወረታ፥ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእየሩስ፤

የላከው እጅሽ ይባረክ። ደብረወርቅም በሰላም ደርሳለች፤ ካልሲዎቹን ድንቅነሽ ወስዳቸዋለች።

መጀመሪያ ያልሽውን ረስቼ በአሮጌው በኩል ሰማሁ። ያው ዝዝ። ሰደብሁሽ። ቀጥሎ እንዳልካቸው መጥቶ የሚመረጠውን መረጠልኝ። ልጄ፥ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ! ዝዝታው ጥፍት አለ። ማውሱን አንቀሳቀስሁ፥ ምንም። ማራገቢያው ተነሣ፥ ምንም። ጠፍቷል ብዬ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላወልቅ ስል አያልነህ ትንፋሹን ሳበ። ትንፋሹን! ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። አፍንጫው ሁልጊዜ በብርድ ይዘጋ ነበር፥ እሱ ሳይቀር አለ። ያ ሁሉ ዘመን ሙዚቃ ቤት ይዤ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ድንቅነሽ ገብታ ስታየኝ "ምን ሆነህ ነው የምታለቅስ?" አለችኝ። ከሞተ ሰው ጋር ጉንጭ ለጉንጭ የገጠምሁ መሰለኝ አልኋት፥ ሌላ ምን ልበላት?

አሁን የፈለግሽውን መስመር ልጻፍልሽ። የለችም። ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት፥ ደግሜም ሰማሁት፥ ንግሥቲ የለችም። ሳጥኑ ያወጣታል ብዬ ነበር፥ አላወጣትም። በዚህ አንቺ ልክ ነሽ፥ እኔ ተሳስቻለሁ።

ቆይ ግን፥ ወረቀቱን አታጥፊው። በሬዎቹስ የት ሄዱ?

አባትሽ "ሆ ዳልቻ!" ይልና ዝም ይላል። ለምን ዝም ይላል? የሰኮናቸውን እርምጃ እየጠበቀ ነዋ! ዳልቻና ቦራ ነዶውን ሲረግጡት፥ ጭዱ ሸሽ ሸሽ ሲል፥ በእሱ ላይ ነው ቀጣዩን የሚጥል። ማበራየት እንዲህ ነው፤ ዘፈኑን የሚይዙት በሬዎቹ ናቸው። በላክሽልኝ ላይ ግን "ሆ ዳልቻ!" ይላል፥ ከዚያ ባዶ ነው። ጭልጥ ያለ ባዶ። እኔ ስቀዳ የነፋስ ድምፅ ነበር፥ ጭድ ነበር፥ መንሽ ነበር፥ የወፍ መዓት ነበር። አሮጌዋ ላፕቶፕ እየጮኸች ሸፍናው ነበር እንጂ ከመጀመሪያውም አልነበረበትም። ጸጥታው ሲመጣ ነው ባዶነቱ የታወቀኝ።

ሰውዬው የሚዘፍነው ለሰው አይደለም፥ ለበሬ ነው። አንቺ በሬውን አውጥተሽ ብቻውን አስቀረሽው። ለባዶ ሜዳ የሚጮህ እብድ አስመሰልሽብኝ። ምን አደረግሽው? አጠብሽው አይደል? እናትሽም የታጠበችው ከነሱ ጋር ነው።

ካሴቱን ራሱን መልሽልኝ።

ያየህ


ሮተርዳም፥ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ያየህ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

አዎ፥ አጥቤዋለሁ። አልክድም፤ ሌብነት አይደለም። ድምፅ የሚያጠራ ፕሮግራም አለ። ካሴቱ ላይ ዘፈን የሌለበትን ቦታ መርጠው "ይኼ ነው ጩኸቱ" ብለው ያሳዩታል፥ እሱም ያንን የመሰለውን ሁሉ ከመጨረሻው ድረስ ያጠፋል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሻካራ፥ የሚንኮሻኮሽ ካሴት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አባቴን ንጹሕ አድርጌ አወጣሁት። የአበሻ ማኅበራችን በዓል ላይ ሳሰማው አዳራሹ ጸጥ አለ። ኢንተርኔት ላይ ጫንሁት፥ አገር ሰማው። "ምን ያለ ጥራት ነው!" ያላለኝ የለም። እብድ ነው ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ካሴቱን አልክም። መንገድ ላይ ቢጠፋ አባቴ ሁለተኛ ይሞትብኛል።

ስለ እናቴ ደግሞ ይብቃኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው እናት ሳጥብና ሳጎርስ እውላለሁ፤ የራሴን ግን ፊቷን እንኳ አላውቀውም። ዘመድ ሁሉ ስሟ ሲነሣ መሬት መሬት ሲያይ ነው ያደግሁት። እርስዎም "ተቆጥቻለሁ አልነግርሽም" ይሉኛል። ገብታለች ካሉ ለምን ገባች? ማንስ አስገባት? ምን ተፈጠረ? ይኼን ሳይነግሩኝ ሌላ ደብዳቤ እንዳይጽፉልኝ።

እየሩስ


ወረታ፥ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለእየሩስ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። መሬት መሬት ካዩት አንዱ እኔ ነኝ። አሁን ቀና ብዬ እነግርሻለሁ።

አባትሽ በቁሐር አገር ድምፁ የተመሰከረለት ነበር። ሲያበራይ ሴቶቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይሰሙት ነበር፤ ከዚያ ማለፍ ነውር ነበርና። እናትሽም እንደነሱ ከአጥር ማዶ ነበረች። የባሏን ዘፈን ጎረቤት በሚሰማበት ርቀት! ያን ዓመት ሩዙ ሠመረ፤ እኔም አዲስ ቴፕ ገዝቼ ልቅዳው ብዬ ከወረታ ወረድሁ። ቴፑን ከነዶው ክምር ላይ አስቀምጬ ቁልፉን ተጫንሁ። አያልነህ ገና አልጀመረም፥ በሬዎቹ ይዞራሉ። ቀና ስል ንግሥቲ አንቺን አዝላ ከአጥሩ በር ላይ ቆማለች። ጫማዋን አወለቀች። ገባች።

የአውድማው ባለቤት የአባትሽ አጎት አያ አንለይ ነበሩ። ጮኹባት። እሷም የመለሰችውን መለሰች። ቴፑ ሁሉንም ይዟል፤ እኔ አላጠፋሁትም፥ እጄ ደርቆ ቀርቶ ነበር። አልወጣችም። እስኪያልቅ ቆማ ሰምታ፥ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ሜዳውን ሲሞላ ወባ ያዛት። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ በቃሬዛ ወረታ ሳናደርሳት ሞተች። ለቅሶው ላይ "አውድማ ረግጣ እኮ ነው" ተባለ። በጆሮዬ ሰማሁ፤ ያኔ ሁለቱም ይሰሙ ነበር። እኅቴን የገደላት ወባ ነው! አውድማ ሰው አይገድልም! ይኼን ያኔ ቆሜ መናገር ይገባኝ ነበር። አባትሽም ዝም አለ። ዝም እንዳለም ሞተ። አያልነህን እወደው ነበር፥ ዝምታውን ግን አልወደድሁለትም። እሱ ነው "ሴት አትረግጠውም" ብሎሽ ያለፈ፤ አንዲት ሴት እንደ ረገጠችው ሳይነግርሽ።

ምን ብላ መለሰች ትዪኝ ይሆናል። አልነግርሽም። እኔ ከነገርሁሽ የኔ ወሬ ነው የሚሆነው፤ የሷን ወሬ ደግሞ ሰው በቂ አውርቶታል። ካሴቱን አትላኪ፥ ግድ የለም። አውጪውና ሳታጥቢ ስሚው።

አጎትሽ ያየህ


ሮተርዳም፥ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ያየህ፤

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። ክረምቱን ሙሉ ሳልጽፍ መክረሜን ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ድንቅነሽ ስልክ ላይ "ሞተሻል ወይስ ኮርተሻል?" ብላኛለች። ፈርቼ ነው።

ካሴቱ ከአልጋዬ ሥር ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሩቅ አልነበረም። ማጫወቻ ከጓደኛ ተዋስሁ፥ እሱም ቤቴ ከረመ። በየቀኑ አየዋለሁ፥ በየቀኑ ነገ እላለሁ። ብትኖርስ? ባትኖርስ? ሁለቱም አስፈሩኝ። ያለ እናት ለምጄዋለሁ ያልሁዎት ውሸት ነው።

በመጨረሻ ለእንቁጣጣሽ ዕረፍት ወጥቼ አስገባሁት። ያኔ ምን እንዳጠፋሁ ያወቅሁት ገና ሳይጀምር ነው። ድምፅ ኮምፒዩተር ላይ ሲገባ በስክሪኑ ላይ ሥዕል አለው፤ ዘፈኑ ወፍራም ነው፥ ዝቅ ያለ ድምፅ ቀጭን ክር ነው። ያኔ ከመጀመሪያው ላይ ቀጭኑን ክር አየሁና ይኼ ባዶ ነው ብዬ፥ ሳልሰማ፥ በዓይኔ ብቻ ቆርጬ ጣልሁት። ከመቁረጤ በፊት ደግሞ ለዚያ ፕሮግራም "ጩኸቱ ይኼ ነው" ብዬ ያሳየሁት ያንኑ ነው። የእናቴን ድምፅ አሳይቼ ይኼን የመሰለ ሁሉ ይጥፋ አልሁ።

አሁን ሳልነካው ሰማሁት። ጭዱ ሸሽ ሸሽ ይላል፥ እንዳሉት። በሬው ይተነፍሳል። ሕፃን ያለቅሳል፥ አጥብቆ። እኔ ነኝ። ከሩቅ የአንድ ሰውዬ ድምፅ መጣ፤ "ኧረ ሴትዮዋን አስወጧት! አውድማ ነው እኮ ይኼ!" የአባቴ ድምፅ ቀጠለ፥ እንደ ዘፈኑ ሳይሆን ፈራ ተባ እያለ፤ "ንግሥቲ፥ ሰው ያያል። ልጅቱን ይዘሽ ውጪ።" ከዚያ እሷ። ወፍራም ነው ድምፅዋ፤ ቀጭን ይመስለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔን ነው የሚመስለው፥ ስቆጣ።

"ይይ! ሰው ይየኝ። እየሩስ አባቷን ትስማ። አንተ ዝፈን።"

እየሩስ አለች። ስሜን ጠራችኝ። እናቴ ስሜን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሬዎቹ ብቻ ተሰሙ። ከዚያ አባቴ ጀመረ። ልቅሶዬም አብሮ ቆመ። ስለዚህ አጎቴ፥ አንድ ነገር እኔም ላርምዎት። "ለሰው አይደለም፥ ለበሬ ነው" ብለውኛል። ለእኔ ነው የዘፈነው። እሷ አዝዛው ነው የዘፈነው።

የታጠበውን ከኢንተርኔት አውርጄ ይኼንን እንዳለ ጫንሁት። "ጥራቱ ተበላሸ፥ ሴትዮዋ ትረብሻለች፥ የድሮውን መልሺ" የሚለኝ ሰው በዛ። አልመልስም። ሴትዮዋ እናቴ ናት፤ ያልወደደ አይስማ።

በፍላሽ ልኬልዎታለሁ። በሳጥኑ ይስሙት።

የንግሥቲ ልጅ እየሩስ


ወረታ፥ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለንግሥቲ ልጅ ለእየሩስ፤

ልቤ የመረቀሽን ሁሉ ይስጥሽ፤ ዛሬ በአፌ አልችለውም።

ሰማኋት። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ስሰማት ድንቅነሽ አንዱን የማዳመጫ ጆሮ ከላዬ ነጥቃ አብራኝ ሰማች፤ የሞተውን ግራውን ስለነበር አልከፋኝም። ያረምሽኝንም ተቀብያለሁ። ለአንቺ ነው የዘፈነው።

እዚህ ግን አላበቃሁም። ቁሐር ሩዙ እየተበራየ ነው፤ አብዛኛው በማሽን፥ አያ አንለይ ግን ዛሬም በበሬ ነው የሚያስበራዩት። እንዳልካቸውን ላፕቶፑን፥ ሳጥንሽንና ትልቁን ስፒከር በባጃጁ ጫንና ና አልሁት። ድንቅነሽ "አብደሃል" አለችኝና ነጠላዋን ደርባ ከኋላ ወጣች።

አያ አንለይ አርጅተው ከአውድማው ጥግ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ እንደ ድሮው ከአጥሩ ማዶ ናቸው፤ ድንቅነሽም ከነሱ ጋር ቀረች። ስፒከሩን ወደ ሰዉ አዙሬ ከፈትሁት። ጭዱ ሸሽ አለ፥ ሕፃን አለቀሰች፥ ያ ጩኸት መጣ፤ "ኧረ ሴትዮዋን አስወጧት!"

"ያ ማነው?" አሉ አያ አንለይ።

"እርስዎ ነዎት" አልኋቸው።

ቀጥላ እሷ መጣች። "ይይ! ሰው ይየኝ።" ከአጥር ማዶ ያሉት ሴቶች ወደ ስፒከሩ ዞሩ። ንግሥቲን የሚያውቋት አሉባቸውና አንዷ "ወይኔ፥ እሷ ናት!" ብላ ጮኸች። አያ አንለይ ዱላቸውን መሬት ላይ መትተው "ዝጋው!" አሉኝ።

"አልዘጋም። ወባ ነው የገደላት፥ አያ አንለይ። ወባ ነው! ያኔ ያልተናገርሁት ዛሬ ይኸው።"

አያልነህ ዘፈነ። ያሁኖቹ በሬዎች በዘፈኑ ላይ መርገጥ ጀመሩ፤ ሁለት አውድማ አንድ ላይ ሆነ። እኔም በዚያ ሁሉ ውስጥ ከኋላዬ የሚሆነውን አልሰማሁም ነበር። እንዳልካቸው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ዙር አለኝ።

የመስሚያ መሣሪያውን አሁን ላኪው። ባሕር ዳር ሄጄ እለካለሁ፤ የምሰማው ነገር አገኘሁ።

ዞር ስል ከአጥሩ በር ላይ ድንቅነሽ ቆማለች። ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች፥ ጫማዋን አወለቀች፥ ገባች።

አጎትሽ ያየህ